የትርንጎ አልጋና እምቢ ያለው ወለል

ተረት ተረት ስል “የላም በረት” እንዳትሉኝ፤ ዛሬ ላምም በረትም የለኝም። ወሬዬ የወለል ነው። ስለዚህ እኔ “ተረት” ስል እናንተ “መሬት” በሉኝ። መሃል ላይ ግራ ብትጋቡ ደግሞ አትቆጡኝ፤ ነገሩ የደረሰባት ሴትዮም እስከ ዛሬ በደንብ አልገባትም።

ደብረ ብርሃን ከተማ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። የደብረ ብርሃንን ብርድ ካላወቃችሁት እሱ ያውቃችኋል። ትርንጎ አንዲት ልጅ አለቻት። ስንዱ ትባላለች፤ አግብታ አዳማ ነው የምትኖረው። ስንዱ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበርና፣ ወጉ እንደሚያዘው እናቷ ቤት ልትታረስ ነው። “ከኅዳር ሚካኤል በኋላ እመጣለሁ፣ እማ” ብላ ደወለች።

ትርንጎ የፈለገችው አንድ ትንሽ ነገር ነበር፤ የእናቷ የዋንዛ አልጋ በጓሮው ክፍል፣ በጣውላ ወለል ላይ እንዲቆም። የክፍሉ ወለል ድሮ ሊሾ ነበር። ሊሾ እንደምታውቁት ሲሚንቶ ነው፤ ያምራል፣ በቀላሉ ይጸዳል፣ ግን በብርድ አገር እግር ይበላል። ትርንጎ ስንዱን ወልዳ በዚያ ሊሾ ላይ በባዶ እግሯ ስትመላለስ ብርድ ገባት። ከእግሯ ተነስቶ ወገቧ ላይ ተቀመጠ፣ ይኸው ሠላሳ ዓመቱ። “ልጄን ይሄ ብርድ አያገኛትም” አለች። ሌላውን ነገር ሁሉ በቀልድ ትናገራለች፤ ይሄን ስትናገር ግን ፈርታ ነበር።

እንግዲህ የድሮው ሊሾ ተሰባብሮ ወጣ፣ ወለሉ ተቆፈረ፣ ድንጋይ ተነጠፈ፣ ለጣውላው መደላድል የሚሆን አዲስ ሊሾ ፈሰሰ። አልጋው እስከዚያ ጎረቤት ተቀመጠ። ትርንጎ አልጋውን ስታስቀምጥ አንድ ቃል ተናግራለች። ቃሉን አሁን ብነግራችሁ ተረቱ እዚሁ ያልቃል፤ ስለዚህ አልነግራችሁም።

የመስቀል ማግስት ትርንጎ ወደ አናጢው ወደ መኳንንት ሄደች። መኳንንት ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ የሚውል፣ ስለ እንጨት ሲያወራ ስለ ዘመዱ የሚያወራ የሚመስል ሰው ነው።

“መኳንንት፣ አልጋዬን አስገባልኝ” አለችው።

“ጣውላው አልተመታም እኮ፣ እትዬ ትርንጎ።”

“ምታዋ።”

“በምን ላይ? ጣውላ የሚመታው ሞራሌ ላይ ነው። ሞራሌው አልተዘረጋም።”

ሞራሌ ማለት ከጣውላው ስር እንደ ጎድን አጥንት የሚጋደመው እንጨት ነው። እዚያው ሱቁ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ትርንጎ አየችው።

“ይኸው አለ አይደል እንዴ? ዘርጋው።”

“እምቢ ይላል።”

“ማን?”

“ሞራሌው ነዋ” አለ መኳንንት። “ለማንኛውም ነገ መጥቼ ወለሉን ልየው።”

ትርንጎ እንጨት እንዴት እምቢ እንደሚል ባይገባትም ቤቷ እስክትደርስ ድረስ እንዲህ ትል ነበር፦ ሞራሌው ጣውላውን አልሸከምም አለ፣ ጣውላው አልጋውን አላስገባም አለ፣ የትርንጎ አልጋ በሰው ቤት ቀረ።

በማግስቱ መኳንንት መጣ። ሊሾው ላይ ክንድ የሚያህል ላስቲክ ዘረጋ፣ ዙሪያውን በድንጋይ አስያዘው፣ “ነገ እናየዋለን” ብሎ ሄደ። ትርንጎ ላስቲኩ ምን እንደሚሠራ ስላላወቀች ሦስት ጊዜ ሄዳ አየችው። ምንም አይሠራም። ተኝቷል። በነጋታው መኳንንት ገለጠው፤ ከስሩ የውሃ ጠብታ ተኮልኩሏል።

“ይመልከቱ” አላት። “ሊሾው ገና እርጥብ ነው። ሞራሌውን እዚህ ላይ ባስተኛው ውሃውን ይጠጣል። ከሱ ጣውላው ይጠጣል። ከዚያ ጣውላው ያብጥና ወገቡን ያጎብጣል። ስንዱ ጉብታ ላይ ትታረስ?”

“አትታረስም።”

“እንግዲያው ሊሾው ይድረቅ። ላስቲኩን እየዘረጉ ይዩት፤ ከስሩ ደረቅ የሆነ ቀን ይጥሩኝ።”

ትርንጎ አንድ ሳምንት ጠበቀች። ሁለት ሳምንት ጠበቀች። ላስቲኩን ትዘረጋለች፣ ትገልጣለች፤ ውሃው አለ። ጠዋት ደህና አደርክ ሳትለው የማትውል ሆነች። እንዲህም ትላለች፦ ሊሾው ሞራሌውን አልቀበልም አለ፣ ሞራሌው ጣውላውን አልሸከምም አለ፣ ጣውላው አልጋውን አላስገባም አለ፣ የትርንጎ አልጋ በሰው ቤት ቀረ።

ጥቅምት ገባ። ትርንጎ ሊሾውን ወዳፈሰሰው ግንበኛ፣ ወደ ደምስ ሄደች። ደምስ የሌላ ሰው ግድግዳ እያነሳ ነበር።

“ደምስ፣ ሊሾህ አልደርቅም አለ።”

“የኔ ሊሾ? የኔ ሊሾ እኮ በሁለት ሳምንት ድንጋይ ነው፣ እትዬ።”

“ያንተ ሊሾ እያለቀሰ ነው።”

ደምስ መጣ። ወለሉን እንኳ አላየም፤ በቀጥታ ወደ ጓሮ ዞረና መዳፉን ከግድግዳው ግርጌ አሳረፈ። “ሊሾው ምን ያድርግ?” አለ። “ውሃ ከጀርባው ተኝቷል። ሊሾው ከላይ ይደርቃል፣ ከታች ይጠጣል። ከላይ ይደርቃል፣ ከታች ይጠጣል።”

“ውሃው ለምን ይተኛል?”

“መሄጃ አጥቶ ነዋ። ቦያችሁ የታለ?”

ቦዩ የለም። ማለቴ አለ፣ ግን አይታይም። የክረምቱን ውሃ ከጓሮ ወደ መንገድ የሚወስደው ቦይ ላይ የአፈር ክምር ተቀምጦበታል። አፈሩ ከየት መጣ? ከራሷ ከትርንጎ ክፍል። ወለሉ ሲቆፈር ቀን ሠራተኞቹ በአካፋ ወደ ውጭ ወርውረውት፣ የት እንዳረፈ ሳያዩ ሄደዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እነሱ ግን አፍሰው ሄዱ፣ ለቃሚዋ ትርንጎ ሆነች።

“በቅርጫት አነሳዋለሁ” አለች።

“በቅርጫት ጥምቀት ይደርሳል። ጋሪ ፈልጉ” አለና ደምስ ወደ ግድግዳው ተመለሰ።

ትርንጎ አልሰማችውም። ሃያ ቅርጫት አወጣች። ክምሩ እንዳልተነካ ሆኖ ተቀመጠ፤ የተነካው ወገቧ ነው። ቀጥ ማለት አቅቷት ግድግዳውን ይዛ እንዲህ አለች፦ አፈሩ ቦዩን አልከፍትም አለ፣ ቦዩ ውሃውን አልወስድም አለ፣ ውሃው ሊሾውን አልተውም አለ፣ ሊሾው ሞራሌውን አልቀበልም አለ፣ ሞራሌው ጣውላውን አልሸከምም አለ፣ ጣውላው አልጋውን አላስገባም አለ፣ የትርንጎ አልጋ በሰው ቤት ቀረ።

ጋሪ ፍለጋ ስትወጣ መንገድ ላይ መኳንንትን አገኘችው።

“ምነው ጎበጡ፣ እትዬ? ሊሾውስ ደረቀ?”

“ምን ይደርቃል! አፈሩ ሞራሌውን አልወስድ ብሎ፣ ቦዩ ጣውላው ላይ ተኝቶ፣ ውሃው አልጋውን ተሸክሞ…”

“ውሃ አልጋውን ተሸከመው?”

“አይ፣ ሊሾው ነው የተሸከመው። ወይስ አፈሩ ነበር? ቆይ። አፈሩ ቦዩን፣ ቦዩ ሞራሌውን…”

“ቦዩ የኔን ሞራሌ?”

መኳንንት ደነገጠ። ሞራሌው ሱቁ ውስጥ መሆኑን እያወቀ ወደ ሱቁ ሮጠ። ሞራሌው በቦታው ቆሟል፣ ደረቅ ነው። መኳንንት እጁን አስደግፎበት ትንሽ ቆየ፤ ማን ማንን እንደተሸከመ ለራሱ ሊያስረዳ ሞከረና ተወው።

በሰፈሩ የነበረው የእጅ ጋሪ አንድ ብቻ ነው፤ የጋሽ ባይከዳኝ። ጋሽ ባይከዳኝ ጡረተኛ ናቸው። ሠላሳ ዓመት የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ጠባቂ ሆነው ሲሠሩ አንዲት ችንካር ያለ ፊርማ አልወጣችም ይባላል። የትርንጎ አጥር ከአጥራቸው ጋር የተያያዘ ነው።

“ጋሽ ባይከዳኝ፣ ጋሪዎን ያውሱኝ” አለቻቸው።

“ጋሪው ያንቺ ነው፣ ልጄ። ግን አይወጣም።”

“ለምን?”

“የመጋዘኑ በር ላይ ዕቃ አለ።”

“የምን ዕቃ?”

“የሰው።”

“ታዲያ ገለል አያደርጉትም?”

ጋሽ ባይከዳኝ መሬት መሬቱን አዩ። “አደራ ነው። ቦታው ሳይዘጋጅ ንክች እንዳይል ተብሏል።”

“እንዴት ያለ ደረቅ ሰው ነው ይሄ?”

“ደረቅ እንኳ አይደለም” አሉ ጋሽ ባይከዳኝ። “ሐሳብ ያለበት ሰው ነው።”

“ደረቅ ነው እንጂ። ምናለ ሊሾዬ እንደዚህ ሰው ደረቅ በሆነልኝ።”

ጋሽ ባይከዳኝ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። ትርንጎ ያንን ደረቅ ሰው እየረገመች ወጣች። ለደምስ ነገረችው፣ ለመኳንንት ነገረችው፣ ውሃ ልትቀዳ ለመጣች ሴት ሁሉ ነገረች፣ ሁሉም አብረዋት ረገሙት። እንዲህ ነበር የምትለው፦ የአንድ ደረቅ ሰው ዕቃ በሩን አልለቅም አለ፣ በሩ ጋሪውን አላስወጣም አለ፣ ጋሪው አፈሩን አልጭንም አለ፣ አፈሩ ቦዩን አልከፍትም አለ፣ ቦዩ ውሃውን አልወስድም አለ፣ ውሃው ሊሾውን አልተውም አለ፣ ሊሾው ሞራሌውን አልቀበልም አለ፣ ሞራሌው ጣውላውን አልሸከምም አለ፣ ጣውላው አልጋውን አላስገባም አለ፣ የትርንጎ አልጋ በሰው ቤት ቀረ።

አንድ ቀን ጠዋት ኅዳር ሚካኤል ሊገባ አንድ ወር ብቻ እንደቀረው አሰበች። ተነስታ ጋሽ ባይከዳኝ ጋ ሄደች።

“ያንን ዕቃ ያሳዩኝ” አለች። “ሰውየውን ባላገኘው ዕቃውን ልለምነው። እስካሁን የለመንኩት እንጨትና አፈር አይደል?”

ጋሽ ባይከዳኝ እንደ መከልከል ብለው ቆሙ። ከዚያ ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አወጡና መጋዘኑን ከፈቱ። በሩ ስር፣ መግቢያው ላይ፣ በአሮጌ ጋቢ የተሸፈነ ትልቅ ነገር ተጋድሟል። ከጀርባው የጋሪው ጎማ ይታያል። ትርንጎ ጋቢውን ገለጠችው።

የዋንዛ ራስጌ። አንድ እግሩ ተሰብሮ የተጠገነ። አቧራ የሌለበት፣ በየቀኑ የሚወለወል አልጋ።

“ይሄ የኔ አልጋ ነው” አለች።

“ያንቺ ነው።”

“ደረቁ ሰው እኔ ነኝ?”

“እኔ አላልኩም” አሉ ጋሽ ባይከዳኝ።

አሁን ቃሉን እነግራችኋለሁ። አምና የቤት ቀለም ሊቀቡ የመጡ ሰዎች አልጋውን ከግድግዳ ግድግዳ ሲያንገላቱ አንድ እግሩን ሰብረውባታል። ስለዚህ ትርንጎ ዘንድሮ አልጋውን ስታስቀምጥ እንዲህ አለች፦ “ጋሽ ባይከዳኝ፣ አደራ። ይሄ አልጋ ክፍሉ እስኪገባ ድረስ ከዚህች ቦታ ንክች እንዳይል። የእናቴ ነው፣ አደራ።” ተናገረችና ረሳችው፤ አልጋው እሳቸው ጋ እንዳለ ብታውቅም፣ “የሰው ዕቃ” ሲሏት የራሷ ይሆናል ብላ አላሰበችም። ጋሽ ባይከዳኝ ግን አልረሱም፤ አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ እያሉ ነው ያደጉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሪያቸውን ማውጣት አልቻሉም። ለማገዶ የገዙትን እንጨት በጀርባቸው ተሸከሙ። ለትርንጎ ደግሞ አልነገሯትም። የሰው አደራ ተቀብሎ “ዕቃሽ መንገድ ዘጋብኝ” ማለት “ውሰጂልኝ” ማለት ነው፤ ያ ደግሞ በሳቸው ዘንድ ነውር ነው። ዝም ብለው አልጋውን ይወለውሉ ነበር።

“ታዲያ ይነሳ!” አለች ትርንጎ።

“የት ይሂድ?”

“ወደ ክፍሉ።”

“ክፍሉ ተዘጋጀ?”

“አልተዘጋጀም።”

“ክፍሉ እስኪገባ ንክች አይበል ብለሻላ።”

ትርንጎ የመጋዘኑ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ጭንቅላቷ ዞረ። ዞሮ ዞሮ ከቤት ይባላል፤ ይሄ ግን ዞሮ ዞሮ ከአልጋ ሆነ። ጋሽ ባይከዳኝም አጠገቧ ተቀመጡና ሁለቱ መጀመሪያውን መፈለግ ያዙ።

“መጀመሪያ ጋሪው ይውጣ” አለች እሷ።

“ጋሪው እንዲወጣ አልጋው ይነሳ።”

“አልጋው እንዲነሳ ጣውላው ይመታ።”

“ጣውላው እንዲመታ ጋሪው ይውጣ።”

“እሱን መቼ አልኩ? መጀመሪያ ያልኩት ምን ነበር?”

“ጋሪው ይውጣ ነው ያልሽው።”

“እንግዲያው እሱ ነው መጀመሪያው።”

“መጨረሻውም እሱ ነው” አሉ ጋሽ ባይከዳኝ በጣም አዝነው።

እኔም እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌ ይጠፋብኛል። ደግነቱ የዚያን ሰዓት የትርንጎ ስልክ ጮኸ። ስንዱ ናት።

“እማ፣ ክፍሉ ደረሰ?”

ትርንጎ መዋሸት ፈለገች፤ አልሆነላትም። “ልጄ” አለች፣ “አልጋው በሩን አልለቅም አለ፣ በሩ ጋሪውን አላስወጣም አለ፣ ጋሪው አፈሩን አልጭንም አለ፣ አፈሩ ቦዩን አልከፍትም አለ፣ ቦዩ ውሃውን አልወስድም አለ፣ ውሃው ሊሾውን አልተውም አለ፣ ሊሾው ሞራሌውን አልቀበልም አለ፣ ሞራሌው ጣውላውን አልሸከምም አለ፣ ጣውላው አልጋውን አላስገባም አለ፣ አልጋው ካልገባ ደግሞ ንክች አይልም፣ አደራ ነው። አንቺን ምን ላይ ላስተኛሽ ነው? እኔ ግራ ገብቶኛል።”

ስንዱ በጣቷ መቁጠር ያዘች። ሂሳብ እንደምትሠራ ሰው ነው የቆጠረችው።

“እማ።”

“ወይ።”

“አደራ ያለው ማነው?”

“እኔ።”

“ታዲያ አንሺዋ።”

“ምኑን?”

“አደራውን።”

ትርንጎ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ጋሽ ባይከዳኝን አየቻቸው። “ጋሽ ባይከዳኝ፣ አደራዬን አንስቻለሁ” አለች።

“በአፍሽ ነው ወይስ ከልብሽ?”

“ከልቤ።”

ጋሽ ባይከዳኝ በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ እሳቸው ራስጌውን፣ እሷ ግርጌውን ይዘው አልጋውን አነሱት፤ ሦስት እርምጃ ወደ ግራ ወስደው አስቀመጡት። ሦስት እርምጃ። በቃ ይኸው ነው። ትርንጎ ወገቧን ይዛ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፤ ወይም መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች። የትኛው እንደቀደመ ስንዱ በስልክ ሰምታለች፤ እሷን ጠይቁ።

ከዚያማ ነገሩ ተፈታ። አልጋው በሩን ለቀቀ፣ በሩ ጋሪውን አስወጣ፣ ጋሪው አፈሩን ጫነ፣ አፈሩ ቦዩን ከፈተ፣ ቦዩ ውሃውን ወሰደ፣ ውሃው ሊሾውን ተወ። ሊሾው ግን ለመድረቅ የራሱን ጊዜ ወሰደ። የጥቅምት ፀሐይና ንፋስ በመስኮት እየገቡ፣ ትርንጎ ላስቲኩን እየዘረጋች እየገለጠች፣ ጥቅምት አለቀ። አንድ ቀን ላስቲኩን ብትገልጠው ከስሩ ምንም የለም። በእጇ ዳሰሰችው፣ ደረቅ ነው። በጉንጯ ዳሰሰችው። ከዚያ መኳንንትን አስጠራችው።

መኳንንት ሞራሌውን ዘረጋ። ውሃ ልኩን በየቦታው እያስቀመጠ፣ ዝቅ ባለው ስር ስንጥር እየሰካ፣ ከፍ ያለውን እየላገ አስተካከለው። ከዚያ ጣውላውን ተሸክሞ አስገባና ክፍሉ ውስጥ ደርድሮት እጁን አራገፈ።

“ምታዋ” አለች ትርንጎ።

“አይ፣ አሁንማ አምስት ቀን ይቀመጥ።”

ትርንጎ ጣውላዎቹን በየተራ አየቻቸው። “ደግሞ ማነው እምቢ ያለው?”

“ማንም። እንጨት ገና እንግዳ ነው፣ እትዬ። የቤቱን አየር ሳይለምድ ብመታው ኋላ ይሸማቀቅና በመሃሉ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይፈጥራል። ይልመድዎት።”

ትርንጎ ነገሩን እንደሰማችው ያዘችው። አምስት ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት እየገባች “እንዴት አደራችሁ?” ትላቸዋለች፣ ለጣውላዎቹ። የአዳማ ልጇን ወሬ ታወራላቸዋለች። መኳንንት ሰምቶ አልሳቀም፤ እሱም የሚያደርገው ነገር ነው።

በስድስተኛው ቀን መምታት ጀመረ። የአንዱ ጣውላ ምላስ፣ ጠርዙ ላይ ወጣ ያለው ማለት ነው፣ በሌላው ጎን በተቦረቦረው ጭረት ውስጥ ይገባል፤ መኳንንት ምስማሩን ምላሱ ላይ አጋድሞ ይመታና ቀጣዩ ጣውላ ሲመጣ ምስማሩ ይሸፈናል። ከግድግዳው ጋር ሲደርስ ጣት የሚያህል ክፍተት ተወ። ትርንጎ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ብላ ደነገጠች፤ “ለመተንፈሻ ነው፣ በኋላ በዞኮሎ፣ ግርጌውን በሚዞረው ቀጭን እንጨት፣ እሸፍነዋለሁ” አላት። መተንፈሱን ተቀበለችው። እስካሁን እምቢ ሲል የኖረ እንጨት ቢተነፍስ ምን ይገርማል?

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ረፋዱ ላይ አንዲት ጣውላ ብቻ ቀረች። እሷ ደግሞ አትገባም፤ ሰፋች። የዚያኑ ሰዓት በር ላይ መኪና ቆመ። ስንዱ ናት፤ አንድ ቀን ቀድማ መጥታለች። ሆዷን ይዛ፣ ፊቷ ገርጥቶ፣ “መቀመጥ አቃተኝ፣ እማ፤ ልተኛ” አለች።

ትርንጎ ወደ ክፍሉ ጮኸች፦ “መኳንንት!”

“እየሰነጠቅኳት ነው” አለ መኳንንት። ጣውላዋን በቁመቷ በመጋዝ ሰነጠቃት፣ ጫፏን ላገ፣ አስገብቶ በመዶሻ እጀታ ገፋት፣ መታት። ጋሽ ባይከዳኝ ደምስን ጠርተው አልጋውን አመጡት፤ ትርንጎ ፊት ፊት እየሄደች “ቀስ፣ እግሩን፣ ቀስ” ትላለች። እናም ሊሾው ሞራሌውን ተቀበለ፣ ሞራሌው ጣውላውን ተሸከመ፣ ጣውላው አልጋውን አስገባ፣ የትርንጎ አልጋ ክፍሉ ገባ።

ስንዱ ደፉ ላይ ጫማዋን አወለቀች። አንድ እግሯን አስገባች፣ ሁለተኛውን አስገባች። እዚያው ቆመች። ትርንጎ የልጇን እግር ታያለች።

“እማ” አለች ስንዱ፣ “አይቀዘቅዝም።”

 ትርንጎ ይህን ቃል ለመስማት ስንት ጊዜ እንደጠበቀች ወገቧ ያውቃል።

ስንዱ ኅዳር ሊያልቅ ሲል ሐኪም ቤት ወለደችና ሴት ልጅ ይዛ ወደዚያው አልጋ ተመለሰች። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ባይከዳኝ ካፖርታቸውን ለብሰው “እንኳን ማርያም ማረችሽ” ሊሉ መጡ። ትርንጎ ስታገላብጥ ስታስታምም ቁጭ ሳትል ሰንብታለች። ሕፃኗን እጃቸው ላይ አደረገችና፣ “አንዴ ይያዙልኝ፣ ጋሽ ባይከዳኝ፤ አደራ” አለች።

ስንዱ ከአልጋው ላይ “እማ!” አለች። ዘግይታለች፤ ቃሉ ወጥቷል።

ትርንጎ ወገቧን ልታሳርፍ ጣውላው ላይ፣ ከአልጋው ግርጌ፣ ጋደም አለች። ለትንሽ ጊዜ ነበር ያሰበችው። ጣውላው ግን ሞቅ ያለ ነው፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ውላበታለች። ሠላሳ ዓመት የኖረው ብርድ ሄደ አልልም፤ ያን ቀን ግን ዝም አለ። እንቅልፍ ወሰዳት።

ስትነቃ ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ዞራለች። ስንዱ ተኝታለች። ጋሽ ባይከዳኝ ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ ሕፃኗን እንዳቀፉ፣ ትርንጎ በተወቻቸው ጣውላ ላይ ቆመዋል። ሕፃኗ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ወንበሩ ከጎናቸው አለ።

“ኧረ ጋሽ ባይከዳኝ፣ ምነው ባይቀመጡ?”

“ይቀመጡ አላልሽኝማ” አሉ በሹክሹክታ።

ትርንጎ ተነሳች። ሁለት እጇን ዘርግታ፣ “አደራዬን ተቀብያለሁ” አለች። ሕፃኗን ከእቅፋቸው ወሰደች። ያኔ ብቻ ጋሽ ባይከዳኝ እግራቸውን ከዚያች ጣውላ አነሱ፤ ወለሉ ሲጢጥ እንኳ አላለም።

“መሬት” ያላችሁኝ ሁሉ፣ ተረቴ እዚህ ላይ ቆመ። የቆመበት ቦታ መንገድ ከዘጋባችሁ ደግሞ፣ እኔ አደራ አላልኩም፤ አንሱና ሦስት እርምጃ ወደ ግራ አድርጉት።